ሳይነካ የሚጮኸው የካርድ ማንበቢያ

ደብረ ብርሃን አንድ መጋዘን በር ላይ የገጠምኩት የካርድ ማንበቢያ ማንም ሳይነካው ሌሊት ሌሊት «ተነካሁ» እያለ ይጮህ ነበር። ጥበቃው አባባ እንቅልፍ አጥተው ሊረግሙኝ ምንም አልቀራቸውም። መጀመሪያ ያማሁት ብርዱን ነው፤ እዚህ አገር ብርድን ያላማ ማን አለ? ስፈታው ግን ከጀርባው ያለችው፣ ማንበቢያው ከግድግዳው ሲነቀል ተለቅቃ የምታስጮኸው የስዊች ምላስ የግድግዳው ጥርብ ድንጋይ ጎድጎድ ያለበት ላይ አርፋለች፤ በሩ በተላተመ ቁጥር ትለቃለች። ጠፍጣፋ ላሜራ ከኋላ አስደግፌ አጠበቅኩት።

ሌላም ጥፋት አገኘሁ፣ የራሴን። መቆጣጠሪያው ሳጥን የስዊቹ ሽቦ መነካካቱን የሚያውቅበትን ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚገታ ትንሽ ዕቃ) እዚያው ሳጥኑ ውስጥ አስሬው ኖሯል፤ ሌባ ከሳጥኑ እስከ ስዊቹ መሃል ላይ ሁለቱን ሽቦዎች ቢያገናኛቸው ሳጥኑ ሰላም ነው ይላል። ወደ ስዊቹ ጫፍ አዛወርኩትና በሳጥኑ ቅንብር ላይ የዚህን ሽቦ መግቢያ «በመደበኛው ዝግ (ካልተነካ የተገናኘ)፣ በሬዚስተር የሚጠበቅ» ብዬ ሞላሁ። ሽቦውን ስቆርጠውም፣ ሳገናኘውም ጮኸ።