የውሻ የመድኃኒት ሻምፖ ስትጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ውሻው ያካል፣ ፀጉሩ ይነቀላል፣ ይሸታል፣ ከዛ ሰፈር ውስጥ አንዱ "የመድኃኒት ሻምፖ ግዙለት" ይላችኋል፣ ሻምፖው ደሞ ወይ አሜሪካ ካለ ዘመድ በሻንጣ ይመጣል ወይ እዚሁ እሳት በሆነ ዋጋ ይገዛል፣ ሁለቴ ታጥቦበት ለውጥ ሲጠፋ "ይሄ ነገር ውሸት ነው" ተብሎ ሻወር ቤት ጥግ አቧራ ይጠጣል። ፌክ ሻምፖ የለም አልልም፣ ግን እኔ ካየሁት አብዛኛው ችግር አጠቃቀሙ ላይ ነው። በጣም ከሚበዛው ልጀምር።

አረፋውን ቶሎ ማለቅለቅ

እኛ ሻምፖ ምናውቀው ቀብቶ፣ አሽቶ፣ አለቅልቆ መጨረስ ነው። የመድኃኒት ሻምፖ ግን ሚሰራው ቆዳው ላይ ሲቆይ ነው። ክሎርሄክሲዲን (ባክቴሪያ ሚገድል) ወይ ማይኮናዞል (ፈንገስ ሚገድል) ያለበት አብዛኛው ጠርሙስ ላይ 10 ደቂቃ ይላል፣ አንዳንዱ ከ5 እስከ 10። ደቂቃው ሚቆጠረው ደሞ ማፍሰስ ከጀመራችሁበት ሳይሆን የታመመው ቦታ ሁሉ አረፋ ከለበሰ በኋላ ነው። እርጥብ ውሻ ይዞ ለቆመ ሰው ሁለት ደቂቃ አስር ነው ሚመስለው፣ ስለዚህ በግምት አትሂዱ፣ ስልካችሁ ላይ ታይመር ሙሉ።

ብዙ ሰው ጠርሙሱን ጀርባው ላይ ገልብጦ ከላይ ከላይ ያሻል፣ በሽታው ግን ብብቱ ውስጥ፣ ብሽሽቱ፣ ጣቶቹ መሃል፣ አንገቱ ስርና ጭራው ስር ነው ሚደበቀው። በጣም ከታመመው ቦታ ጀምሩ፣ ሌላውን እስክታዳርሱ እሱ ትርፍ ደቂቃ ያገኛል። እንደ ጀርመን ሸፐርድ ድርብ ፀጉር ካለው ደሞ ከላይ በስብሶ እየታየ ውስጡ ደረቅ ሊሆን ይችላል፣ ፀጉሩን በጣታችሁ ከፈል አድርጋችሁ ቆዳው ራሱ መርጠቡን እዩ፣ ካልረጠበ ያንን ሁሉ ብር ፀጉሩ ጠጣው ማለት ነው። አልቆምም ካለ ግድግዳው ላይ ትንሽ የለውዝ ቅቤ ለቅለቅ አድርጉለትና እሱን ሲልስ ሰዓቱ ይሄዳል (ግን መጀመሪያ የለውዝ ቅቤውን ጽሁፍ አንብቡ፣ ዛይሊቶል ሚባል ማጣፈጫ ካለበት ውሻ ይገድላል)። ሰውነቱ ላይ ያለውን አረፋ እንዳይልስ ደሞ ጠብቁት።

ቆሻሻና ቅባት ላይ መቀባት

ግቢ ሲንከባለል የዋለ ውሻ ላይ ቀጥታ መድኃኒቱን ብትደፉበት መድኃኒቱ ከጭቃና ከቅባት ጋር ሲታገል ያልቃል። መጀመሪያ በተራ የውሻ ሻምፖ አንዴ እጠቡት፣ አለቅልቁት፣ ከዛ ነው መድኃኒቱ። ውዱ ሻምፖም ይቆጠባል።

ምን እንዳለበት ሳያውቁ "የቆዳ ሻምፖ" ብሎ መግዛት

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ብራንድ ይጠይቃል እንጂ ውስጡ ያለውን አይጠይቅም። ክሎርሄክሲዲን፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ፐርሰንት፣ ባክቴሪያ ላይ ነው ጉልበቱ፣ ቆዳው ላይ እንደ ብጉር መግል ቋጥሮ ሚፈነዳና ክብ ቅርፊት ሚተው ከሆነ እሱ ነው ሚያስፈልገው። ማይኮናዞልና ኬቶኮናዞል ፈንገስ ላይ ናቸው፣ ማላሴዝያ ሚባለው እርሾ መሰል ፈንገስ ሲበዛ ውሻው ቅባት ቅባት ይላል፣ ሽታው ከሩቅ ይመጣል፣ ሲቆይ ደሞ ቆዳው ይጠቁርና ይወፍራል። ባክቴሪያውና ፈንገሱ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚመጡ ሁለቱንም ሚይዝ ሻምፖ አለ፣ ማላሴብ ለምሳሌ 2 ፐርሰንት ክሎርሄክሲዲን ከ2 ፐርሰንት ማይኮናዞል ጋር ነው። ሰልፈርና ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ፎረፎርና ቅርፊት ለማራገፍ ነው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ በጣም ቅባታም ለሆነ ቆዳ ነው፣ ግን ያደርቃል፣ ፎጣም ልብስም ቀለሙን ይለቃል፣ ጥሩ ፎጣችሁን እንዳታወጡ። አጃ ያለበት ደሞ ማሳከኩን ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ ኢንፌክሽን አያድንም።

እከክ ከሆነስ? እከክ ሚያመጡት በዓይን ማይታዩ ተባዮች ናቸው፣ አንደኛው ዓይነት ቆዳ ውስጥ ቦይ እየቆፈረ ሚኖር ነው፣ ሌላኛው ዴሞዴክስ ሚባለው የፀጉሩ ስር ውስጥ ነው ያለው፣ ስለዚህ አረፋ ብቻውን አይደርስባቸውም። ለነሱ የእንስሳት ሀኪም ሚያዘው ሌላ መድኃኒት አለ፣ አሁን አሁን እነ ፍሉራላነር፣ አፎክሶላነር ሚባሉ እንክብሎች አሉ። ለከብት የመጣውን አይቨርሜክቲን ግን በራሳችሁ እንዳትወጉት፣ በተለይ የኮሊ ዘር ያለባቸው ውሾች ላይ አንጎል ድረስ ገብቶ ሊገድል ይችላል። ቆፋሪው እከክ ሰውም ላይ ይወጣል፣ እናንተም ክንዳችሁንና ሆዳችሁን ማከክ ከጀመራችሁ ለሀኪሙ ንገሩት፣ ትልቅ ፍንጭ ነው። ጭርትም እንደዛው ወደ ልጆች ይተላለፋል፣ ሻምፖው ያግዛል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ሚዋጥ መድኃኒት አብሮ ይፈልጋል፣ ስታጥቡ ጓንት አድርጉ።

ወገቡን፣ ጭራው መነሻ ጋ ያለውን ብቻ ሚነክስ ከሆነ ደሞ መጀመሪያ ቁንጫ ፈልጉ። የቁንጫ ምራቅ አለርጂ የሆነበት ውሻ ቁንጫው እስካለ ድረስ በወርቅ ውሃ ብታጥቡት አይተወውም፣ ምንጣፉንም መኝታውንም ጨምሮ መታከም አለበት።

እቤት ያለውን መጠቀም

ኦሞ፣ ላርጎ፣ በረኪና፣ ዴቶል፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ ናፍታ። ይሄን ሁሉ ውሻ ላይ ሲቀባ አይቻለሁ፣ ሚቀባውም ሰው ጨካኝ ሆኖ አይደለም፣ አባቱ ሲያደርግ ስላየ ነው። ግን ውሻ ራሱን ይልሳል፣ ቆዳው ላይ ያደረጋችሁት ሁሉ ሆዱ ይገባል፣ የቆሰለ ቆዳ ደሞ ከጤነኛው በላይ መርዝ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ያቃጥላልም። ከሁሉም ሚያስፈራኝ ዲያዚኖን ነው፣ ለበግና ለፍየል ተባይ ሚገዛው፣ በግምት በጥብጠው ያጥቡበታል። ከታጠበ በኋላ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ካስመለሰው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይ መተንፈስ ካቃተው መርዙ ይዞታል፣ በብዙ ውሃ አጥቦለት ወዲያው ሀኪም ጋ መሮጥ ነው፣ እስከ ነገ ሚባል ነገር የለም።

የሰው ሻምፖስ? የውሻ ቆዳ ከሰው ያነሰ አሲዳማ ስለሆነ የኛ ሻምፖ ሲደጋገምበት ያደርቀዋል። የህፃን ሻምፖ አይጎዳውም ይሆናል፣ ግን መድኃኒት አይደለም።

ፀጉሩ ብቅ ሲል ማቆም

መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ሚታዘዘው በሳምንት ሁለት ሶስቴ ነው፣ ለሶስት አራት ሳምንት፣ ከዛ እየተራራቀ ይሄዳል። ሰው ግን ማሳከኩ ሲቀንስና አዲስ ፀጉር ሲያይ ይተወዋል፣ በወሩ እንደገና ይመለሳል፣ "በሽታው አይለቅም" ይባላል። ቆዳው ዳነ ካላችሁ በኋላም ሳምንት ያህል ብትቀጥሉ ይሻላል፣ ማቆሚያውን ሀኪሙ ይወስን። በተቃራኒው ደሞ ቶሎ ይዳን ብሎ በየቀኑ ሚያጥብ አለ፣ ያ ቆዳውን አድርቆ ሌላ ማሳከክ ያመጣል።

ውሃው

ሙቅ ውሃ ማሳከኩን ያባብሰዋል፣ ለብ ያለ ወይ ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። ሌላው፣ አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ለማጠብ አንድ ባልዲ ካስፈለገ ለማለቅለቅ ሁለት ሶስት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ጀሪካኑ ሞልቶ ሳይቀመጥ አትጀምሩ። ግማሽ መንገድ ላይ ውሃ ካለቀ ሚቀረው ሻምፖ ራሱ ያሳክከዋል። ከዛ ፎጣውን ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁት እንጂ አትፈትጉት፣ ፀጉረ ብዙ ውሻ ውስጡ ርጥብ ሆኖ ካደረ በማግስቱ እርጥብ ቁስል አውጥቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ክረምት ላይ ከጠዋቱ አራት አምስት ሰዓት ፀሐይ ካለች ያኔ እጠቡት፣ ለማታ አታስቡት። የፀጉር ማድረቂያ ካላችሁ በቀዝቃዛው።

ትንንሾቹ

ክሎርሄክሲዲን ዓይን ይጎዳል፣ ፊቱን በአረፋ ሳይሆን በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጉለት፣ ከገባበት በብዙ ንጹህ ውሃ ደጋግማችሁ አጥቡና ዓይኑን ከጨፈነ ለሀኪም አሳዩ። የገላ ሻምፖ ጆሮ ውስጥ አይገባም፣ ታምቡሩ የተቀደደ ከሆነ መስማቱን ሊጎዳው ይችላል።

ጀርባው ላይ ሚንጠባጠብ የቁንጫ መድኃኒት ምታደርጉለት ከሆነ ከሱ በፊትም በኋላም ሁለት ቀን ያህል አታጥቡት፣ ሻምፖው ይዞት ይሄዳል። ሚውጠው ከሆነ ግን ችግር የለውም።

ድመት ካለቻችሁ የውሻውን ሻምፖ ለሷ አትጠቀሙ። ኮል ታር (ከድንጋይ ከሰል ሚወጣ የፎረፎር መድኃኒት) እና ፐርሜትሪን (የቁንጫ መግደያ) ውሻ ሚችላቸው ድመት ግን ማትችላቸው ነገሮች ናቸው።

ሀኪም ጋ ከመሄድ በፊት "ይሸታል፣ ያሳፍራል" ብሎ ማጠብ

ሀኪሙ ከቆዳው ላይ ፍቆ ወይ በስኮች ፕላስተር አንስቶ በማይክሮስኮፕ ነው ሚያየው፣ በዋዜማው በመድኃኒት ሻምፖ ካጠባችሁት ሚታየውን ነገር አጥባችሁ ሄዳችሁ ማለት ነው። ለጥቂት ቀናት ሳታጥቡት እንደሸተተ ውሰዱት፣ እነሱ ለምደውታል። ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ህክምና ኮሌጅ ሆስፒታል አለ፣ ጎንደርም ዩኒቨርሲቲው አለው፣ ወይ በአቅራቢያችሁ ያለ ክሊኒክ። የተጠቀማችሁበትን ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከቀየራችሁ ሁሉንም፣ በሳምንት ስንቴ፣ ለስንት ደቂቃ እንዳቆያችሁት ንገሩት። "ሰማያዊ ጠርሙስ ነው ዶክተር" ከማለት ያድናል።