ጎበዞች መባል መሸጥ አይደለም፦ አዲስ ቴክኖሎጂ ገበያ ስታወጡ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ከሜክሲኮ እስከ መርካቶ ላፕቶፕ አንግበው ሱቅ ለሱቅ የሚዞሩ ወጣቶችን አማክራለሁ። የአብዛኞቹ ፈጠራ በደንብ ይሠራል። የሚወድቁት ገበያው ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት ምስጋናን እንደ ሽያጭ መቁጠር ነው። የመርካቶ ነጋዴ እንግዳ አያሳፍርም። የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራማችሁን ስታሳዩት ወንበር ይስብላችኋል፣ ሻይ ያዝዝላችኋል፣ «ጎበዞች፣ በርቱ!» ብሎ መርቆ ይሸኛችኋል። እናንተ ደግሞ ከሱቁ እንደወጣችሁ ስሙን ደንበኛ ብላችሁ ትመዘግባላችሁ። አንድ ቡድን እንዲህ ያለ የስም ዝርዝር ለኢንቨስተር አቅርቦ፣ በዚያው ተማምኖ ሠራተኛ ቀጠረ። ክፍያ መጠየቅ ሲጀምር ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። ልጆቹ ነጋዴው ከዳን አሉ። ማንም አልከዳቸውም፤ ከመጀመሪያው ክፈሉ ብለው የጠየቁት ሰው አልነበረም! እባካችሁ በመጀመሪያው ቀን ዋጋ ንገሩ፣ ትንሽም ቢሆን ቀብድ ጠይቁ። ቀብድ የማይሰጣችሁ ሰው ምክንያቱን ይነግራችኋል፤ ከምርቃቱ ይልቅ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው። አንዱ የዱቤ ደብተሩን ሌላ ሰው እንዲያይበት አይፈልግም። የሌላው ዕቃ አውጪ ልጅ ማንበብ ይቸግረዋል። ሦስተኛው ገቢዎች ያየዋል ብሎ ይሰጋል። ይህን ሳትሰሙ ፕሮግራሙን ብታሳምሩት ለማን ነው?

ሁሉም ሰው ስማርት ስልክና ዳታ አለው ብላችሁም አትነሱ። ቴሌብር በ2013 ሲጀምር *127# ይዞ ስለመጣ ተራ ስልክ ያለውም ገባበት። የራይድን መኪና በ8294 ደውሎ መጥራት ይቻላል። የቢሯችሁ ዋይፋይ ሱቁ ውስጥ የለም፤ መብራት ሲጠፋም ሽያጭ መመዝገብ የሚችል ነገር ሥሩ።

ደረሰኝ የሚቆርጥ ሥርዓት ከሆነ፣ ሳትሸጡት በፊት የገቢዎችን ፈቃድ አውጡ።

ፈጠራን በኤግዚቢሽንና በቴሌቪዥን አሳይቶ፣ ቆይቶ ወደ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን መሮጥም አለ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንት፣ ማለትም ፈጠራችሁን ሌላው ሳታስፈቅዱት እንዳይጠቀምበት የሚከለክለው መብት፣ የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ነው፤ ቀድማችሁ አደባባይ ያወጣችሁት ነገር አዲስነቱ ሊያከራክር ይችላል። መጀመሪያ አመልክቱ፣ ከዚያ አሳዩ። ደግሞም ወረቀቱን ይዞ መቀመጥ አያዋጣም። ፓተንቱ ለ15 ዓመት ነው፤ ተጨማሪ 5 ዓመት የሚገኘው ፈጠራው አገር ውስጥ በሚገባ ሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ ነው።

ሸጦ መጥፋት ደግሞ የሚያናድደኝ ነገር ነው። የአንድ ተራ ነጋዴዎች አብረው እቁብ ይጥላሉ። ቅዳሜ የቆመ ፕሮግራም ሰኞ ቢጠገን፣ እሑድ እቁቡ ላይ ወሬው አልቋል። መርካቶ ለመሸጥ ቦሌ ቢሮ አትከራዩ። እዚያው ተራው ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍልና ሲጠሩት ቶሎ የሚደርስ አንድ ልጅ ይሻላችኋል።