መለኪያውን ካስቀመጡ በኋላ

በሰሜን ሸዋ ደጋ መጠጥ መተው የምሽት ጓደኛንና የለመዱትን መቀመጫ መተው ነው። «ታዲያ አሁን እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣውም ከዚያ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። በየቀኑ ብዙ ሲጠጡ ከኖሩ ሐኪም ሳያማክሩ በአንድ ጊዜ አያቁሙ። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊከተል ይችላል፤ ይህ ሕይወት ያጠፋል። ጤና ጣቢያ ሄደው የሚጠጡትን ልክ ሳይደብቁ ይናገሩ። ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ለመግባት ያሰበም ሰው እነዚያን ቀናት በሐኪም እጅ ቢያልፍ፣ የታዘዘለትንም መድኃኒት ይዞ ቢሄድ ይሻላል።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ለሳምንታት፣ ለአንዳንዱም ለወራት ይዛባል። ምንም ነገር አይጥምም። «ድሮም ባዶ ሰው ነኝ» የሚል ሐሳብ የሚበረታው በዚህ ወቅት ነውና በራስዎ ላይ አይፍረዱ፤ አእምሮዎ ገና እያገገመ ነው።

ምሽቱ ከሁሉ ይከብዳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርዱ ራሱ ወደ አረቄ ቤት ይገፋል። አረቄ የሚያሞቅ የሚመስለው ደምን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣ ነው፤ የውስጥ ሙቀት ግን በዚያው ያመልጣል። ስለዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት የሚሠሩትን ጠዋቱን ይወስኑ። 10 ሰዓት ተኩል ላይ እህል ይቅመሱ፤ የራበው ሆድ መጠጥ ያስመኛል። ቀጥሎ ሰው የሚጠብቅዎት ሥራ ይኑር፦ ልጅ ማስጠናት፣ ከብት ማስገባት፣ የታመመ ጎረቤት መጠየቅ። ለብቻ የሚሠራውን ሥራ ማንም ይተወዋል፤ ደብተሩን ይዞ በር ላይ የቆመ ልጅ ካለ ግን መቅረት ይከብዳል። ትናንት በሰዓቱ የመጣ ሰው ዛሬም ነገም ሲመጣ፣ ሰፈሩ የለጠፈበትን ስም ቀስ በቀስ ይረሳለታል፤ እሱም ራሱን በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራል።

ግብዣ ላይ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» መባሉ አይቀርም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ቤትዎ ሆነው ድምፅ አውጥተው ይለማመዱ፦ «ኑሩልኝ፣ መጠጥ ትቻለሁ፤ በሶ ካለ ግን እጠጣለሁ።» ዋናዋ የመጨረሻዋ ናት። ጋባዡን የሚያስጨንቀው እንግዳው ባዶ እጁን መቀመጡ ነው፤ የሚሰጠው ነገር ካገኘ ልመናውን ይተዋል። በሶው በአንድ ብርጭቆ ውኃ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ ማር ካለ 1 የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል። ብርጭቆውን በግራ እጅ ይያዙ፤ ቀጂው ሲጠጋ ቀኝ መዳፍዎን የብርጭቆው አፍ ላይ ያድርጉ። ብርዝና ቀሪቦ ከሰነበቱ ይፈላሉና የዕለቱ መሆናቸውን ይጠይቁ። «መድኃኒት ላይ ነኝ» ወይም «ጾም ነው» ማለት ለጊዜው ያድናል፤ ግን መድኃኒቱ ያልቃል፣ ጾሙም ይፈታል። ሁዳዴን 55 ቀን ሳይቀምስ የከረመ ሰው ፋሲካ ዕለት የሚወድቀው ለማግስቱ መልስ ስላላዘጋጀ ነው።

ማኅበር ላይ ጽዋ አለና ለሙሴው (ለማኅበሩ መሪ) እና ለንስሐ አባትዎ አስቀድመው ይንገሩ። ዳቦና ንፍሮ ማደሉን ይውሰዱ፤ እጅዎም ሥራ ያገኛል። የእርስዎ ተራ ሲደርስ ጠላው ዘመድ ቤት ተጠምቆ በዕለቱ ይምጣ፤ ጥንስሱ ሲፈላ ቤት የሚሞላው ሽታ ብዙ ሰው ወደ መጠጥ መልሷል። አረቄ አውጥታ ልጆቿን ለምታሳድግ ሴት ነገሩ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። እንጀራዋን ተዪ ማለት አይቻልም። ቢያንስ ቅምሻውን ሌላ ሰው ይያዝላት፤ ከገብሱም ጥቂቱን ለቆሎና ለበሶ አውላ ገበያውን ትሞክረው።

ለመጠጥ ይወጣ የነበረውን ብር አስልተው በዚያው ልክ ሳምንታዊ እቁብ ይግቡ፤ ጠላ ቤት የማይሰበሰብ ይሁን። በቀኑ የሚከፍል ሰው ይታመናል። ችግሩ ዕጣው ሲወጣ ነው፤ አንዴ የገባ ብዙ ብር ኪስ ውስጥ አያድርም። ምን እንደሚገዛ፣ ለምሳሌ ሁለት የመንዝ በግ፣ ከወዲሁ ከቤተሰብ ጋር ይወስኑ፤ ብሩንም አብረው ሄደው ይቀበሉ። ባለቤትዎ ትንፋሽዎን ቢያሸቱ አይቆጡ። ዓመታት የሰበሩት እምነት በ2 ወር አይጠገንም።

በመሐላ ወይም በግዝት ራስን ማሰሩን አንመክርም። ያፈረሰ ሰው «አንዴ ረከስኩ» ብሎ ሳምንት ሙሉ ይጠጣል። አንድ ቀን ከቀመሱ ሳይመሽ ለአንድ የሚያምኑት ሰው ይንገሩ፤ የነገውን 11 ሰዓትም አብራችሁ ያዙት። ሰውነት መጠጡን ከለቀቀ በኋላ የድሮውን ልክ ስለማይችል፣ ያው መጠን አሁን የባሰ ሊጎዳ ይችላል። ተከታታይ ቀናት ከጠጡም እንደ መጀመሪያው ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ይመለሱ።