መንጋጋው የማን ነው? ከዓባይ በረሃ ጥርስና አጥንት ለሚያነሡ

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ኪሱ ባዶ ሆኖ አይመለስም። ተማሪዎቼ በመሀረብ ጠቅልለው የሚያመጡልኝ «የጥንት አውሬ ጥርስ» ግን አብዛኛውን ጊዜ ወይ የበሬ ነው ወይ ጭራሽ ጥርስ አይደለም። ስለዚህ ጥርሱን ከማየቴ በፊት ከምን ዓይነት ድንጋይ እንደተነሣ እጠይቃለሁ።

ምልክት፦ ነጭ የሚያብረቀርቅ «ጥርስ» በጥቁር ድንጋይ ውስጥ ተሰክቷል።
ምክንያት፦ የጎጃምን ደጋ የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የፈሰሰ ነው። በዚያ እሳት ውስጥ አጥንት ይተርፋል ብሎ መጠበቅ ዘበት ነው። ነጩ ነገር ማዕድን ነው፤ ከቀለጠው ድንጋይ የወጣው ጋዝ የተወውን ቀዳዳ በኋላ ውሃ ያመጣው ማዕድን ሞልቶታል።
መፍትሄ፦ ስብራቱን በፀሐይ ያገላብጡት። እንደ መስታወት ጠፍጣፋ ሆኖ ቦግ ካለ፣ ወይም መርፌ የመሰሉ ጭረቶች ከመሃል ከተበተኑ ማዕድን ነው። ጥርስ ሥር አለው፤ ጠንካራው የውጭ ሽፋንም ከውስጡ ተለይቶ ይታያል።

ምልክት፦ ከወንዝ ዳር የተገኘ ጥቁር መንጋጋ።
ምክንያት፦ ጥቁረት ዕድሜን አይናገርም። ማንጋኒዝ የተባለ ማዕድን ያለበት አፈር የቅርብ ጊዜ አጥንትንም ያጠቁረዋል። «ድንጋይ የሆነ የጥንት አጥንት ምላስ ላይ ይጣበቃል» የሚባለውም ብዙ አያስኬድም፤ የደረቀ ሸክላም ይጣበቃል።
መፍትሄ፦ የጋለ የወስፌ ጫፍ በተሰበረው ጠርዝ ላይ ለቅጽበት ያስነኩ። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ አጥንቱ ገና ድንጋይ አልሆነም። ካልሸተተ ግን ቅሪተ አካል (ድንጋይ የሆነ የጥንት አጥንት) ነው ብለው አይፍረዱ፤ ያረጀ አጥንትም ሽታውን ያጣል። ብርቅ የመሰለዎትን ደግሞ ከነጭራሹ አያቃጥሉ።

ምልክት፦ ጥርስነቱ ተረጋግጧል፤ የማን እንደሆነ ግን አልታወቀም።
ምክንያት፦ ብዙ ሰው የሚያየው የጥርሱን ቁመትና ቀለም ነው። ወሳኙ የሚያኝከው ገጽ ነው።
መፍትሄ፦ ከቅርጫ በኋላ የበሬውን መንጋጋ ለምነው ይውሰዱ፣ ቀቅለው ያጽዱና አጠገቡ ያስቀምጡ። ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላገኘሁም። በበሬ የመንጋጋ ጥርስ ገጽ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ቅርጾች ይታያሉ። በላይኛው ጥርስ ወደ ምላስ በኩል፣ በሁለቱ ክፍሎች መሃል ቀጭን ምሰሶ ቆማለች፤ በበግና በፍየል አብዛኛውን ጊዜ አትገኝም። የታችኛው የመጨረሻ ጥርስ ሦስት ክፍል አለው፤ ይህን አይተው የማይታወቅ አውሬ ነው ብለው የማሉልኝ አሉ። በአህያ ጥርስ ላይ ጨረቃ የለም፤ ሽፋኑ እንደ ተጨማደደ ጨርቅ ታጥፎ ታጥፎ ይሄዳል። የአሳማ ዝቅ ያለና ጉብታ የበዛበት ነው። የጅብ ወፍራም ሾጣጣ ነው፤ አጥንት መስበሪያ መሆኑ ያስታውቃል።

ምልክት፦ ጥርሱ ከኖራ ድንጋይ ተገኘ።
ምክንያት፦ የሸለቆው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ወለል ነበር። ያን ጊዜ በሬም አህያም አልነበሩም። ድንጋዩ ላይ ተኝቶ የተገኘ የበሬ ጥርስ ከላይ ተንከባልሎ የመጣ ነው።
መፍትሄ፦ በውስጡ ተቀብሮ ከሆነ ግን ልብ ይበሉ። እንደ ሽምብራ ድቡልቡልና አንጸባራቂ ከሆነ የዓሣ፣ ባለ አንድ ሥር ሾጣጣ ከሆነ የተሳቢ እንስሳ ሊሆን ይችላል። መዶሻውን ያስቀምጡ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዲህ ያለ ግኝት ሪፖርት እንዲደረግ ያዛል፤ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቅርብ ነው።

ምልክት፦ መንጋጋው እጅ ላይ ተሰባበረ።
መፍትሄ፦ ማጣበቂያ አይቀቡ። በሎሚም አይጠቡ፤ አሲዱ ጥርሱን ይበላዋል። በለስላሳ ብሩሽ አፈሩን ያራግፉ፣ ስብርባሪውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ይጠቅልሉ። ሌላ ጊዜ ግን ከማንሣትዎ በፊት ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው የሚያኝከውን ገጽ፣ ጎኑንና ሥሩን ፎቶግራፍ ያንሡ። በወረቀቱ ላይ ቀኑን፣ ቀበሌውንና ድንጋዩ ጥቁር፣ ኖራ ወይም አሸዋ መሆኑን ይጻፉ።