የእንጨት ዕቃችሁ በበጋ እንዳይሰነጠቅ

ደሴ ላይ ጥቅምት ገብቶ አየሩ ሲደርቅ ረከቦቱም፣ ጠረጴዛውም፣ የቁም ሳጥኑ በርም ጫፍ ጫፉ ላይ መሰንጠቅ ይጀምራል። ማታ የጦሳ ተራራን ብርድ ለመከላከል ከሰል አቀጣጥለን ቤቱን ስናሞቅ ደግሞ ይብስበታል። ብዙ ሰው አናጢውን ይወቅሳል፣ ግን ሁልጊዜ የሱ ጥፋት አይደለም።

መላው ተራ ሻማ ነው። እንጨቱ በመጋዝ የተቆረጠበትን ጫፍ ፈልጉ፦ የጠረጴዛውን ሁለት ዳር፣ የበሩን ላይኛውና ታችኛው ጠርዝ። ቫርኒሽ ሲቀባ እነዚህ ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ፣ እጃችሁን ብታሳልፉበት ሸካራ ነው። እዚያ ላይ ሻማውን ጫን አድርጋችሁ እሹት፣ ከዚያ ሙቀት እስኪሰማችሁ ድረስ በጨርቅ ፈትጉት።

እንጨት ከገጹ ይልቅ በተቆረጠው ጫፍ በኩል እርጥበቱን ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ያጣል፤ ዛፉ ውሃ ይስብባቸው የነበሩት ቀጫጭን ቱቦዎች አፋቸው ክፍት ሆኖ የቀረው እዚያ ነው። ጫፉ ከመሃሉ ቀድሞ ደርቆ ሲኮማተር ይተረተራል። ሰሙ ያንን አፍ ይዘጋዋል። ኮምቦልቻ ያላችሁም በመስኮት የሚገባው ፀሐይ የሚያርፍበትን ዕቃ አስቀድሙ።

ቺፑድ ላይ አትድከሙ፣ ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ስለሆነ እንዲህ በአንድ አቅጣጫ የተዘረጋ ቱቦ የለውም። ቀለም ልትቀቡት ያሰባችሁትንም ተዉት፣ ሰም ላይ ቀለም አይይዝም። ቀድሞ የተሰነጠቀ ካለ ደግሞ በበጋ በስቱኮ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ አትድፈኑት፤ ክረምት ላይ እንጨቱ ሲያብጥ መሄጃ ያጣና ሌላ ቦታ ይሰነጠቃል።