ስድስት ሜትር ጀልባ በሰባት ሜትር ቤት

መጀመሪያ በሩን ለኩ። ቀልድ አይደለም። የመጀመሪያውን የአሉሚኒየም ጀልባዬን ስሠራ ሁሉንም ነገር በሚሊሜትር ለክቼ በሩን ረሳሁት። የጀልባው ወርድ 2 ሜትር ከ10፣ የበሩ ወርድ 1 ሜትር ከ80። ጎኖቹ ሲቆሙ ረዳቴ ራቅ ብሎ አየና «ጋሼ፣ ይሄ ነገር በየት ነው የሚወጣው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ደግነቱ ጥልቀቱ 75 ሳንቲም ብቻ ነበር፣ በሩም ከፍታው 2 ሜትር ተኩል ነው። ሰባት ሆነን በጎኑ አቁመን አወጣነው። በሩ አጭርም ቢሆን ኖሮ ግድግዳ አፍርሼ ነበር።

ወርክሾፔ ባሕር ዳር ነው፤ 4 በ7 ሜትር። አንድ ቶርኖ (ሥራውን እያሽከረከረ የሚቀርጽ)፣ አንድ አሮጌ ፍሬሳ (በሚሽከረከር መቁረጫ የሚፈቀፍቅ)፣ አንድ ቲግ፣ አንድ ሚግ (ሁለቱም በጋዝ የሚሠሩ የብየዳ ማሽኖች) አለኝ። ክሬን የለም። ጣና ላይ ዓሣ ለሚያጠምድ ደንበኛ 6 ሜትር ጀልባ የሠራሁት እዚያ ውስጥ ነው። ብረት ስትበይዱ ኖራችሁ እንዲህ ያለ ትልቅ የአሉሚኒየም ሥራ ከመጣላችሁ፣ እኔ በገንዘቤ የተማርኩትን በነፃ ውሰዱ።

ቁሱ

አሉሚኒየም ሁሉ አንድ አይደለም። ገበያ ላይ በብዛት የምናገኘው የመስኮትና የበር ፕሮፋይል ነው። ለመስኮት ጥሩ ነው፣ ለጀልባ ግን አይሆንም። ለውሃ የሚሆነው 5083 የሚባለው ነው። ማግኒዚየም ስላለበት ውሃ ቶሎ አይበላውም፣ ብየዳም ብዙ አያደክመውም። 6061 ደግሞ ቶርኖና ፍሬሳ ላይ ሲቆረጥ ደስ ይላል። ግን ጥንካሬውን ያገኘው ከፋብሪካ በሙቀት ታክሞ ነው። ስትበይዱት ከብየዳው ዙሪያ ከጥንካሬው 40 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ አካሉን ከ5083 ሠራሁት፤ ወለሉ 4 ሚሊ፣ ጎኑ 3 ሚሊ። 6061ን ለሞተር መያዣው ብቻ ተጠቀምኩ፣ እሱንም በቡሎን አሰርኩት እንጂ አልበየድኩትም።

የመበየጃው ሽቦ 5356 የሚባለው ይሁን። ሻጩ «4043 አለኝ፣ አንድ ነው» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ውስጡ ያለው ሲሊከን ከ5083 ማግኒዚየም ጋር ሲገናኝ ብየዳውን ተሰባሪ ያደርገዋል።

ደስ የሚለው ክብደቱ ነው። 1 ሜትር ተኩል በ6 ሜትር የሆነ 4 ሚሊ ላሜራ 96 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያው መጠን በብረት ከ280 ኪሎ ያልፋል። አሉሚኒየሙን አራት ሰው ተሸክሞ ያዞረዋል።

አቆራረጡ ቀላል ነው። የአናጢ ክብ መጋዝ ካርባይድ የሚባለው ጠንካራ ጥርስ ካለው ይበቃል። ምላጩን በየመሃሉ በሻማ እሹት፣ አሉሚኒየሙ ጥርሱ ላይ እንዳይጣበቅ። የግራይንደር ድንጋይ ግን አታስጠጉ። ድንጋዩ በአሉሚኒየም ይደፈንና ይሞቃል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ለማለስለስ የሸራ ወረቀት ያለው ዲስክ ይሻላል። ብረት በምትሞርዱበት ጥግም አሉሚኒየም አትሞርዱ። የዝገት ብናኝና የአሉሚኒየም ብናኝ ተቀላቅሎ ብልጭታ ካገኘው የሚነሳው እሳት በውሃ የሚጠፋ አይደለም።

ፍሬሳው አልበቃ ሲል

የሞተር መያዣው 20 ሚሊ ውፍረት፣ 90 ሳንቲም ርዝመት አለው። የኔ ፍሬሳ ጠረጴዛ የሚሄደው 60 ሳንቲም ነው። ትልቅ ማሽን ያለው ቤት መውሰድ እችል ነበር፤ ወረፋው ግን ከሥራው ይረዝማል።

ያደረግሁት እንዲህ ነው። የመያዣውን ጠፍጣፋ ሳህን መሃል ላይ አስሬ በመሃል መስመሩ ሦስት ባለ 10 ሚሊ ቀዳዳ በአንድ አቀማመጥ በሳሁ፤ በየ30 ሳንቲሙ። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ በ30 ሳንቲም ርቀት ሁለት ፒን ያለው ሌላ ሳህን አሰርኩ። መጀመሪያ አንደኛውና ሁለተኛው ቀዳዳ ፒኖቹ ላይ ይቀመጣሉ፣ የግራውን ወገን ትቆርጣላችሁ። ከዚያ ታነሱትና ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ታስቀምጣላችሁ። ሥራው ልክ 30 ሳንቲም ተሻገረ ማለት ነው። መጋጠሚያው ላይ ጥፍሬን ሳሳልፍበት ምንም አልያዘውም።

መቁረጫው ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ጥርስ ይሁን። ለብረት የምንጠቀምበት ባለ አራት ጥርስ ወዲያው ይደፈናል። ባለ 12 ሚሊ ሃይስፒድ (ከተለመደው ጠንካራ የመቁረጫ ብረት የተሠራ) መቁረጫ በደቂቃ 2,400 ዙር አካባቢ ደስ ይለዋል። የኔ ማሽን 1,800 ላይ ያበቃል፣ እኔም ገፋ የማደርገውን ቀነስ አድርጌ ሠራሁ። ላምባ በብሩሽ ቀባ ቀባ አድርጉ፣ ፍቅፋቂውን በአየር እያስወገዳችሁ። ከተከማቸ መቁረጫው መልሶ ያኝከዋል፣ ፊቱም ይበላሻል።

አንድ ጉድ ልንገራችሁ። ከማሽን ላይ እንደወረደ ለክቼ «ልክ ነው» ብዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት 0.4 ሚሊ አጠረ። ሌባ አልገባም፤ በርዶ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። 90 ሳንቲም ሥራ በ20 ዲግሪ ሲሞቅ ይህን ያህል ይረዝማል። አብርዱና ለኩ።

የቡሎኖቹን ቀዳዳ ጀልባው ላይ ቀድማችሁ አትብሱ። ብየዳው ይጎትተዋል። ሁሉ ተበይዶ ሲያልቅ፣ ቶርኖ ላይ የብረት ቡሽ (መብሻውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ቀለበት) አውጥቼ ቀዳዳ መሪ ሠራሁ። እሱን ጀልባው ላይ በክላምፕ አስሬ በእጅ ትራፓኖ በሳሁ። ባለ ማግኔት ትራፓኖ ተዋሱ የሚል ወዳጅ ነበረኝ። አሉሚኒየም ላይ ማግኔት አይዝም! ባለ ማግኔቱ ስኳድራም እንደዚያው መሳቢያ ውስጥ ይረፍ።

ብየዳው

አሉሚኒየም ራሱ 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ላዩ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ሽፋኑን ሳታነሱ ከጀመራችሁ ሥሩ ቀልጦ ላዩ ቆዳ ይሆንባችኋል። ደግሞ እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ዝም ብሎ ይቆይና ድንገት ዱብ ይላል።

ጽዳቱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ አሴቶን በንጹህ ጨርቅ፣ ቀጥሎ የማይዝግ ሽቦ ብሩሽ። ከገለበጣችሁት ብሩሹ ቅባቱን ወደ ውስጥ ያሸዋል። ብሩሹ ብረት ነክቶ የማያውቅ ይሁን። የኔ ቀይ ክር ታስሮበት ለብቻው ተሰቅሏል፣ የነካው ሰው ሻይ ይጋብዛል። የፍሬን ማጽጃ ግን በጭራሽ! ክሎሪን ካለበት በብየዳው ብርሃንና ሙቀት ገዳይ ጋዝ ይሆናል። ለጭሱም በሩን ክፈቱ፣ ማስክ አድርጉ። «ወተት ጠጣ፣ ይጠርገዋል» የሚለውን እኔም አምኜ ኖሬያለሁ። ወተቱን ጠጡት፣ ይጣፍጣል፤ ሳንባ ውስጥ ግን አይገባም።

ለነጥብ (ሥራውን ለጊዜው ለሚያስይዘው አጭር ብየዳ) እና ለማዕዘን ቲግ እጠቀማለሁ፤ በኤሲ (ተለዋዋጭ) ኤሌክትሪክ፣ ለ4 ሚሊ 160 አምፔር አካባቢ። ለረጅሙ መስመር ሚግ፤ ሽቦው ጫፉ ላይ የሚጠቀለልበት ሽጉጥ ያለው። ሽቦው ለስላሳ ስለሆነ በረጅም ቱቦ ስትገፉት እንደ ወፍ ጎጆ ይጠመጠማል። ጋዙ ንጹህ አርጎን ነው፣ ለብረት የምንጠቀምበት ቅልቅል አይደለም። ሽጉጡን ወደፊት እየገፋችሁ ሂዱ፤ ከጎተታችሁት ጥቀርሻ ይሞላል። በ150 ባር የተሞላ ባለ 50 ሊትር ሲሊንደር 7,500 ሊትር ገደማ አርጎን ይይዛል። በደቂቃ 12 ሊትር ከሆነ አሥር ሰዓት የበራ ብየዳ ነው። አስቡና ሁለተኛውን ቀድማችሁ አምጡ።

ጠዋት በይዱ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ይነሳና ጋዙን ይወስደዋል። ማታ ደግሞ ሰፈሩ ምጣዱን ሲጥድ የመብራቱ ኃይል ይወርዳል። በክረምት ላሜራው ላይ የማይታይ እርጥበት ስለሚኖር፣ እጅ የሚችለው ሙቀት እስኪደርስ አሙቁት። እርጥበት ካለ ብየዳው እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል።

አሁን ወደ ውርደቴ። ሁለቱን የወለል ላሜራዎች በአከርካሪው መስመር ላይ ሳጋጥም፣ 6 ሜትሩን ከአንድ ጫፍ ጀምሬ ሳላቋርጥ ሄድኩ። ብየዳው ያምር ነበር። አራተኛው ሜትር ላይ ስደርስ ከፊቴ ያለው ክፍተት ተዘጋ፣ ከዚያ አንዱ ላሜራ በሌላው ላይ ወጣ። ቀና ስል ጠርዞቹ እንደ ደረቀ እንጀራ ተቆልምመዋል። ረዳቴ ምንም አላለም። መስመሩን በሙሉ በመጋዝ ቆርጬ እንደገና ጀመርኩ፤ ሁለት ሳምንት ጠፋ።

ሁለተኛው ጊዜ እንዲህ ሆነ። ላሜራዎቹን ከእንጨት በተሠራ ጠንካራ ማዕቀፍ ላይ በክላምፕ አሰርናቸው። በየ8 ሳንቲሙ ነጥብ አደረግን፤ መጀመሪያ መሃል፣ ከዚያ ሁለቱ ጫፎች፣ ከዚያ በየመሃሉ። የጀልባውን የጎድን አጥንቶች (ወለሉን የሚያጠነክሩትን አግዳሚዎች) በየ50 ሳንቲሙ በነጥብ አስያዝን፣ መስመሩ ሳይበየድ። ከዚያ በኋላ ነው ብየዳው የተጀመረው፣ 15 ሳንቲም በ15 ሳንቲም። ከመሃል ወደ ጫፍ እንሄዳለን፤ እያንዳንዷን ቁራጭ ግን ወደ ኋላ፣ ቀድማ ወደተበየደችው አቅጣጫ። አንዷን በአንድ ወገን፣ ቀጣይዋን በሌላ ወገን። መዳፌ አርፎበት እስኪቆይ ድረስ እጠብቃለሁ። 40 ቁራጭ ነው፣ ሁለት ቀን ወሰደ። ረዳቴ ቡና ሲያፈላ እኔ ላሜራ ስዳስስ ዋልን። ሲባጎ ወጥረን ብናየው በ6 ሜትር ውስጥ 4 ሚሊ ብቻ ነው የታጠፈው።

እያንዳንዷን ቁራጭ ስትጨርሱ ቶሎ አትልቀቁ። አንድ ሁለት ሳንቲም ወደ ኋላ ብየዳው ላይ ተመለሱና አቁሙ። መጨረሻው ላይ ጉድጓድ ከቀረ ኮከብ የሚመስል ስንጥቅ ይወጣበታል።

ውሃ ሳይነካው

ጠመኔ በውሃ በጥብጡና የብየዳውን የውጭ ፊት ቀቡት፤ ይድረቅ። ከውስጥ በኩል ላምባ ቀቡና አንድ ሰዓት ጠብቁ። የሚያፈስ ቦታ ካለ ጠመኔው ላይ ቢጫ ነጥብ ይወጣል። እኔ ሦስት አገኘሁ፤ ሦስቱም ብየዳ አቁሜ የጀመርኩበት ቦታ። ከመጠገናችሁ በፊት ላምባውን በአሴቶን በደንብ አጥሩ፤ አለዚያ ቀዳዳ ስትደፍኑ ቀዳዳ ትወልዳላችሁ።

የማይዝግ ቡሎን ስታስሩ ከሥሩ የናይሎን ወይም የፕላስቲክ ዋሸር አድርጉ። ሁለቱ ብረቶች በእርጥበት ከተነካኩ አሉሚኒየሙ ነው የሚበላው። መዳብ ያለበት ቀለምም ከአካሉ አርቁ።

ሞተሩን ሳታዩ የኋላውን ግድግዳ አትቁረጡ። አጭር እግር ያለው ሞተር 38 ሳንቲም፣ ረጅሙ 51 ሳንቲም ከፍታ ይፈልጋል። ሌላም ነገር አለ። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ከኃይሉ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል። ደንበኛዬ የገዛው ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር እዚህ 12 ከምናምን ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን አምስት ሰው ጭነን ስንወጣ የጀልባው አፍንጫ ተነስቶ አልወርድ አለ። ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት) ቀነስ ያለ ፕሮፔለር ቀየርንና ተስተካከለ። አሮጌው ፕሮፔለር አሁንም ወርክሾፔ ግድግዳ ላይ፣ ከቀይ ክሩ ብሩሽ አጠገብ ተሰቅሏል።