ያገለገሉ የአናጢ መሣሪያዎችን ዕድሜ ስንለይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያገለገለ መላጊያ፣ መጋዝ ወይም መሮ ገዝቶ ዕድሜውን ማወቅ የሚሻ ሰው በአብዛኛው የሚሳሳተው ምልክት በማጣቱ ሳይሆን ባገኘው የመጀመሪያ ምልክት ላይ ብቻ ተደግፎ በመፍረዱ ነው። በአሜሪካ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች እስከ ዛሬ በብዛት የሚገኙትን የስታንሊ ኩባንያ መላጊያዎች በዋና ምሳሌነት እወስዳለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ቀንን መሣሪያው የተሠራበት ቀን አድርጎ መውሰድ ነው። መሥሪያ ቤቱ በኮነቲከት ግዛት በኒው ብሪተን ከተማ የነበረው ስታንሊ የፈጠራ ባለሙያውን የሊዮናርድ ቤይሊን የመላጊያ ፓተንቶች በ1869 የገዛ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ባመረታቸው በርካታ የብረት መላጊያዎች አካል ላይ ማርች 25 1902 እና ኦገስት 19 1902 የሚሉ ቀኖች በአጭሩ ተጽፈው ይታያሉ፤ ኋላም ኤፕሪል 19 1910 ተጨምሮባቸዋል። ሦስቱንም ቀኖች የያዘው መላጊያ እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ገደማ ሲመረት ስለቆየ፣ «የ1902 ነው» ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ ከሃያ ዓመት በኋላ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ቀኑ የሚያረጋግጠው መሣሪያው ከዚያ በፊት አለመሠራቱን ብቻ ነው። ዘመኑን ይበልጥ ለማጥበብ የፊት እጀታውን ማየት ይጠቅማል፤ አጭርና ድቡልቡል የሆነው ከ1910ዎቹ መጨረሻ በፊት የነበረው ሲሆን ረጅሙ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ስህተት በስለቱ ብቻ መፍረድ ነው። በልብ ቅርጽ ውስጥ የተጻፈው የስታንሊ ምልክት ከ1920 እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ ገደማ ያገለገለ ቢሆንም፣ ስለት በየጊዜው ሲሳል አልቆ የሚቀየር ክፍል በመሆኑ ስለ መላጊያው አካል የሚሰጠው ምስክርነት ደካማ ነው። በእኔ አስተያየት አካሉ፣ የስለቱ ማረፊያና እጀታዎቹ በአንድ ዘመን ካልተስማሙ ዕቃው ከተለያዩ መላጊያዎች የተገጣጠመ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ሆኖም ያልተለመደ ነገር ሁሉ ባዕድ አይደለም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነሐስ ስለተቆጠበ የስለት ማስተካከያው ዳዶ በጥቁር ጠንካራ ጎማ ተሠርቶ ነበር። ይህን ሳያውቁ ነቅሎ በነሐስ የሚተኩ ሰዎች ዘመኑን የሚናገረውን ክፍል ያጠፋሉ።

በመጋዝ እጀታ ላይ ባለው የነሐስ ክብ ምልክት «ዋራንትድ ሱፐርየር» የሚል ጽሑፍ ሲታይ የአምራቹ ስም የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች በጋራ የተጠቀሙበት የጥራት ማረጋገጫ ቃል እንጂ የማንም ስም አይደለም። በመሮ ላይ የሚገኘው «ካስት ስቲል»ም እንዲሁ በሸክላ ማቅለጫ የተዘጋጀን ጥሩ ብረት ያመለክታል፤ ዘዴውን ቤንጃሚን ሀንትስማን በሸፊልድ በ1740ዎቹ ያስጀመረው ነው። በእንጨት መላጊያ ላይ ደግሞ የባለቤቱ ስም ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ስለሚታተም ከአምራቹ ማኅተም ጋር መምታታት የለበትም።

የመጨረሻው ስህተት ሳያነቡ ማጽዳት ነው። በፊላደልፊያ ይሠሩ በነበሩት የዲስተን መጋዞች ላይ የአምራቹ ጽሑፍ በአሲድ የተቀረጸው በስሱ በመሆኑ፣ በሞተር የሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ ከዝገቱ ጋር ጠርጎ ይወስደዋል። ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀትን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሎና ዘይት ቀብቶ በመጋዙ ርዝመት በቀስታ ማሸት፣ ጽሑፉ ጠቆር ብሎ መታየት ሲጀምርም እዚያው ማቆም ያስፈልጋል።